ተቀምጦ የሚሰማ ልጅ

ልጅ ሳለሁ፣ ወሎ ውስጥ፣ አጎቴ ሰይድ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ተረት ሲነግረን ቁጭ ብሎ መስማት አልነበረም። ኩራዙ ምሰሶው ላይ ተሰቅሎ፣ ፍሙ አመድ እየለበሰ፣ ጭሱ ዓይናችንን እየቆጠቆጠን፣ ጅቡ ሲያነክስ እኛም እናነክሳለን፤ ጦጣዋ ከዛፍ ስትወርድ እኛም ከመደቡ ላይ እንዘላለን። ያኔ አንዱ ልጅ ሰንፎ ከተቀመጠ አጎቴ ተረቱን ያቆማል። «ጦጣዋ ዛፍ ላይ ቀረች፤ እንግዲህ ማን ያውርዳት?» ይል ነበር። የተቀመጠው ተነሥቶ እስኪዘል ድረስ መጨረሻውን አንሰማም።

ያንን መደብ ያስናፈቀኝ ጅዳ ላይ ያየሁት ነገር ነው። ሳፋ በሚባለው ሰፈር ሰው ቤት ስሠራ የሦስት ዓመት ልጄን የምተወው፣ የሠራተኞችን ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ ሰብስባ ከምትጠብቅ ያገሬ ሴት ዘንድ ነበር። አንድ ቀን አሠሪዬ ማዳም ቀደም ብላ ለቀቀችኝና ሳልናገር ልጄን ልወስድ ሄድኩ። በሩን ስከፍተው የሽንትና የሳል ሽሮፕ ሽታ ተቀበለኝ። ልጆቹ ግድግዳ ተደግፈው ተደርድረዋል፤ ወገባቸው በሻሽ ከመስኮቱ ብረት ጋር ታስሯል፤ ዓይናቸው ቴሌቪዥኑ ላይ ፈዟል። የልጄ አገጭ ላይ እንዲያፈዘው ያጠጣችው ሽሮፕ ደርቆ ዝንብ ይሄድበታል።

«ምን ላድርግ እታለም፤ ኮቴ ከተሰማ የቤቱ ባለቤት ያስወጣናል» አለችኝ ሴትዮዋ፣ ለውዝ እየፈለፈለች። «ያንቺማ ማሻአላህ፣ እንደ ትራስ ነው። ካስቀመጡት አይነሣም።»

ማመስገኗ ነበር። ሻሹን እየፈታሁ «ኸላስ፣ በቃ፣ ሁለተኛ አላመጣውም» አልኳት።

«ታዲያ አዝለሽው ቤት ጥረጊያ» ብላ ሳቀች።

ደጃፉ ላይ አንዲት አጭር ደረጃ አለች። ልጄ እዚያ ሲደርስ ቆመ፤ እግሩን አላነሣም፣ እጁን ብቻ ዘረጋልኝ። ደረጃ መውረድ አያውቅም ነበር።

ማዳምን ለምኜ ልጁን ይዤ መሥራት ጀመርኩ። ማታ ማታ ፍራሽ ደራርቤ ያንኑ የአጎቴን የጦጣ ተረት ነገርኩት። መጀመሪያ በሆዱ እየተንሸራተተ ወረደ፤ ቆይቶ እጄን ይዞ። አንድ ምሽት እጄን ገፋ አድርጎ ዘለለ፤ በጉልበቱ ወደቀና ሳቀ። አልሃምዱሊላህ፣ ዛሬ ሮጬ አልደርስበትም።

ያቺ ክፍል ግን ከውስጤ አልወጣችም። እዚያ ያየሁትን ሳስብ ዛሬም ምራቄ ይመራል። ከሶላት በኋላ «አላህ ይቅር ይበላት» ብዬ በአፌ እላለሁ። ሆዴ ግን እስካሁን አሚን አላለም።