ከሠላሳ በኋላ የሚበስል ሰው

ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ትዳሬን ፈትቼ ከጋዝጊብላ ገጠር ወደ ሰቆጣ ከተማ መጣሁ፤ እኩዮቼ ልጅ ሲያስተምሩ እኔ ከልጆች ጋር አንድ ዴስክ ተጋራሁ። የእንግሊዝኛ መምህራችን ከሌላ አካባቢ ተመድቦ የመጣ፣ ጫማው አቧራ የማይነካው ሰው ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት አስነስቶ አንድ አንቀጽ አስነበበኝ። እኛ ቤት የሚነገረው ኽምጠኛ ነው፤ አማርኛውንም ቆይቼ ነው የተማርኩት። እንግሊዝኛው አፌ ውስጥ ተንገጫገጨ። መምህሩ እስክጨርስ አልጠበቀም።

"አንቺ፣ ልጅሽን ልታስመዘግቢ መጥተሽ ነው ወይስ ተማሪዋ አንቺው ነሽ?"

ክፍሉ ሳቀ።

"ተቀመጪ። በዚህ ዕድሜ ምላስ አይገራም።"

ዓመቱን ሙሉ ዳግመኛ አላስነሳኝም። እጄን ባወጣም አያየኝም።

ያቺን ዓረፍተ ነገር አሥራ አንድ ዓመት ይዣት ኖርኩ። ተምሬ እዚያው ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ስቀጠር እሱ የእንግሊዝኛ ክፍል ኃላፊ ሆኖ ጠበቀኝ። ሰላምታ እንለዋወጣለን። መዝገበ ቃላት ሲዋስ አስፈርመዋለሁ። አልረሳሁለትም።

አምና ግንቦት ላይ የውኃ ጉድጓድ ከሚያስቆፍሩ ሰዎች ጋር አንድ አየርላንዳዊ መጣ። መቆፈሪያቸው መንገድ ላይ ተበላሽቶ ወደ ሰሃላ ወረዳ መሄድ ስላልቻሉ፣ ከሰዓት በኋላ እየመጣ እኔ ጋ ይቀመጣል። አንገቱ የት እንደሚያልቅ አይታወቅም፤ ጆሮዎቹ ተጨማድደዋል። ጆሮውን ምን እንደነካው በእንግሊዝኛ ጠየቅሁት።

"ሥራዬ" አለኝ።

ሥራው ራግቢ ነበር፤ ደመወዝ እየተከፈለው አሥራ ሁለት ዓመት ተጫውቷል። ኳሳቸው እንቁላል ይመስላል። በጨዋታው መሐል ከየቡድኑ ስምንት ስምንት ሰው ጎንበስ ብሎ፣ ትከሻ ለትከሻ ተቆላልፎ ይገፋፋል፤ ጭቃ የያዘውን መኪና ሰው ከፊትም ከኋላም ሲገፋው ማለት ነው። እሱ ከፊተኞቹ አንዱ ነው። የኋላዎቹን ክብደት ተሸክሞ የተቃራኒውን ኃይል በአንገቱ ይቀበላል። ኳሱን ይዞ የሚሮጠው ሌላ፣ የሚጨበጨብለትም ሌላ።

በሃያ ዓመቱ፣ የመጀመሪያው ትልቅ ግጥሚያ ላይ፣ አንድ ነባር ተጫዋች እንደ በር እየገፋ ወደ ኋላ ነዳው፤ "እናትህ ጋ ሂድ" ብሎም በጆሮው ነገረው።

"ከዚያስ?"

"ሦስት ዓመት ጠበቅሁት። እግሩን የት እንደሚተክል፣ መቼ እንደሚተነፍስ አጠናሁ። ስንገናኝ ገፋሁት። በሕጉ። ራሱ ቀይሩኝ እስኪል።"

"ምን አልከው?"

"ምንም። ገብቶታል።"

ቀጥሎ ያለኝን ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፦ እኛ የምንጫወትበት ቦታ ላይ ሰው የሚበስለው ከሠላሳ በኋላ ነው፤ እኔ ለብሔራዊ ቡድን የተጠራሁት በሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው።

ርዕሰ መምህሩ ይህን ሲሰሙ እንግዳው ተማሪዎቹን እንዲያነጋግር ጋበዙት። እንዲያስተረጉም የታዘዘው መምህሬ ነው። ጠዋት ሰንደቅ ዓላማው ሥር ማይኩን ይዞ ቆመ።

እንግዳው፣ "በአሥራ ሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ አስቆጠርኩ፤ እሱንም ኳሱ ላይ ወድቄበት ነው" አለ።

"ከመቶ በላይ ጎል አግብተዋል!" አለ መምህሩ።

ተጨበጨበ። እንግዳው ለምን እንደሆነ ሳይገባው እጁን አወዛወዘ። እኛ አገር እንግዳ በትልቁ ካልተወራለት የተዋረደ ይመስለናል፤ ስለዚህ አለፍኩት። ደግሞም መምህሬ እግሩን የት እንደሚተክል እያየሁ ነበር።

ከኋላ ለእንግዳው ሲባል ጠዋት የተጠሩት የማታ ተማሪዎች ቆመዋል፤ ትልልቅ ሴቶች፣ አንዳንዶቹ ልጅ ያዘሉ። እንግዳው ደብተሬ ላይ ያለውን ቃል በቃል ተናገረ። መምህሩ ሳያመነታ ተረጎመው።

"ማንኛውም ነገር በልጅነት ካልተጀመረ ከንቱ ነው ይላሉ።"

ልጅ ያዘለች አንዲት ሴት አቀረቀረች። እጄን አወጣሁ። አሁንም አላየኝም። ሳይፈቀድልኝ ተናገርኩ።

"ይቅርታ መምህር፣ እንግዳው እንደዚያ አላሉም።"

"አንቺ፣ ላይብረሪውን ለማን ትተሽ ነው የመጣሽው?"

"ቆልፌዋለሁ መምህር። ቁልፉ ይኸው።"

"ኧረ ቲቸር ታረመ!" አለ አንድ ድምፅ ከመሐል።

ወደፊት ወጥቼ እንግዳው የተናገረውን እንዲደግምልኝ ለመንኩት፤ ማይኩንም ከመምህሩ እጅ ተቀበልኩ። ከመጀመሪያው ጀመርኩ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ወድቀውበት። ግቢው በሳቅ ፈነዳ፤ ለመቶዎቹ ካጨበጨቡት ይልቅ ለአንዷ አብዝተው አጨበጨቡ። ከዚያ የሠላሳውን ቃል ተረጎምኩ። ወደ ኋላ ዞሬ ደገምኩት። ለሦስተኛ ጊዜ በኽምጠኛ አልኩት፤ ያቀረቀረችው ሴት ቀና አለች።

እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። መምህሩ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "በቃ፣ ገብቷቸዋል" አለኝ።

"እንዳልሳሳት ብዬ ነው መምህር" አልኩትና የቀሩትን ዓረፍተ ነገሮች አንድ በአንድ እንግዳውን እየጠየቅሁ አቃናሁ። መምህሬ ባዶ እጁን የት እንደሚያኖረው እንደማያውቅ ሰው፣ አጠገቤ ቆሞ ሁሉንም ሰማ።

ሲያበቃ ማይኩን መለስኩለት። አየርላንዳዊው ዝም ማለት ችሏል፤ እኔ አልቻልኩም። ጠጋ አልኩና፣ "መምህር፣ በዚህ ዕድሜ ምላስ አይገራም" አልኩት። ረስቷታል ብዬ ነበር። አልረሳትም፤ ጆሮው ድረስ ቀላ።

"ምን አልሽው?" አለኝ እንግዳው።

"አመሰገንኩት።"

አውቄ ያጣመምኩት ትርጉም ያ ብቻ ነው። አልጸጸትበትም።