ዴቨንና የልጅ ልጄ ስም

ዴቨን እንግሊዝ ውስጥ ያለ አውራጃ ነው። ይህን ያወቅሁት ተምሬ አይደለም። የባሌ ታላቅ እህት ሴት ልጅ እዚያ ነርስ ሆና ተቀጠረች፤ እናትየዋ ከዚያ ወዲህ ሌላ ወሬ የላትም። ማኅበር ላይ ዴቨን፣ ለቅሶ ላይ ዴቨን። ሰማዩ ሲከብድ "ይኼ የዴቨን ዝናብ ነው" ትላለች። ጋይንት ላይ ዝናብ ከመቼ ጀምሮ ከውጭ አገር እንደሚመጣ አላውቅም።

ፊት ለፊት እትዬ፣ አንቱ እያልኩ ነው የማናግራት። እዚህ ግን ጽሑፉ የእኔ ስለሆነ እሷ እላታለሁ።

መጀመሪያ "ዴቮን" ነበር የምትለው፤ መጨረሻውን እንደ ደብተራ ዜማ ትጎትተው ነበር። አንድ ረቡዕ ሴቶች ሰብሰብ ብለን ሳለ ልጇ ደወለች። ስልኩ ድምፁ ተከፍቶ ስለነበር ሁላችንም ሰማን።

"እማዬ፣ ዴቮን አትበይ። ዴቨን ነው። መጀመሪያውን ጠንከር፣ መጨረሻውን ዋጥ።"

"ዴቮን።"

"ዋጥ አድርጊው እኮ ነው የምልሽ!"

"በጦም ቀን ምን ዋጪ ትይኛለሽ?"

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። አንዷ፣ "ልጄ በሬዲዮ ዴቨንሺር ሲሉ ሰማሁ ይላል፤ እሱስ ሌላ ነው?" ብላ ጠየቀች። እሷም መኳንንት ያሳደጓት ይመስል አገጯን ቀና አድርጋ፣ "እሱ የድሮው አጠራር ነው። ያገሩ ሰው ዛሬ ዴቨን ብቻ ነው የሚለው" አለች።

በማግስቱ ገብስ ሳበጥር ብቻዬን ደጋግሜ አልኩት። ከእሷ አሳምሬ ነው የምለው። ግን ማን ሊሰማኝ? የእኔ ሴት ልጅ ያለችው እዚሁ ቅርብ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ነው። መካነ ኢየሱስ እንዴት ተብሎ እንደሚጠራ ደግሞ ማንም ማንንም አይጠይቅም።

ቂሜ ከአውራጃው ጋር አይደለም፤ ከእሷ ጋር ነው። ከስማዳ ቆላ ተድሬ ወደዚህ ደጋ ስመጣ አማቴ አርፈው ነበር። በአገራችን ለሙሽራ አዲስ ስም የምታወጣላት አማቷ ናት። አማቴ ስለሌሉ እሷ አወጣችልኝ። ምን ብላ እንዳወጣችልኝ እዚህ አልጽፍም። ባሌ እስኪሞት ድረስ የጠራኝ በዚያ ስም ነው። የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ ደግሞ ገና ከምጤ ሳላገግም ለልጁም ስም አውጥታ ጠበቀችኝ። ብርድ ባንቀጠቀጠኝ ቁጥር "ቆለኛዋ ወባዋ ተነሣባት" ትል ነበር፤ እኔ እየሰማሁ።

ያ ልጅ አድጎ ንፋስ መውጫ ከተማ አገባ፤ ሚስቱም አረገዘች። ለልጅ ልጅ ስም ማውጣት የአባት እናት ወግ ነው፤ የእኔ ማለት ነው። ሴት ከሆነች የእናቴን ስም ልሰጣት ከቆረጥኩ ቆይቻለሁ። እናቴ ቆላ ኖራ ቆላ ያረፈች ሴት ናት። በዚህ ቤት ስለ እሷ የጠየቀኝ ሰው የለም።

አንድ ቀን ልጄ ከሚስቱ ጋር መጥቶ፣ "እማዬ፣ አክስቴ ሴት ከሆነች ዴቨን እንበላት ትላለች። ፈረንጆቹ ለሰውም ያወጡታል አሉ። አይከፋም አይደል?" አለኝ።

"ምን ይከፋል" አልኩት።

ምራቴ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ናት። ልጄ ሲወጣ ጠብቄ ትርጉሙን ፈልጊልኝ አልኳት። ስልኳን ነካካችና፣ "እማማ፣ ከጥንት ሕዝብ ስም የመጣ ነው ይላል። ጥልቅ ሸለቆ ውስጥ የሚኖሩ እንደማለት ነው። ግን ሌላ ትርጉም የሚሰጡትም አሉ..."

"ሌላውን ተይው። ሸለቆ የሚኖር ሰው በእኛ አገር ምን ይባላል?"

"ቆለኛ ነዋ" አለች፤ ሳቋ አመለጣት።

"ለማንም እንዳትነግሪ" አልኳት። እኔም ለማንም አልተናገርኩም።

ሴት ተወለደች። የገንፎው ቀን እልልታው ሳይበርድ እሷ ሕፃኗን ከእናቷ ጎን አንሥታ፣ "በሉ፣ ዴቨን በሏት!" አለች። መጨረሻውን ዋጥ አድርጋ፣ አሳምራ ነው ያለችው። ለካ እሷም ስትለማመድ ከርማለች።

"እትዬ፣ ትርጉሙን ያውቁታል?" አልኳት።

"አገር ነው እንጂ ምን ትርጉም አለው?"

"አለው። አንቺ፣ ንገሪያቸው እስቲ።"

ምራቴ አንገቷን ደፍታ፣ "ጥልቅ ሸለቆ ውስጥ የሚኖሩ ማለት ነው ይላል" አለች።

ከማዶ የተቀመጠች ጎረቤት ገንፎው በአፏ እንዳለ፣ "ይኼማ ቆለኛ ማለት ነው! እንኳን ደስ ያለዎ እትዬ፣ ነርሷ ልጅዎ ቆላ ወርዳልዎታለች!" አለች።

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። እሷ ፊቷ ጠቆረ። "የወንድሜን የልጅ ልጅ ቆለኛ ብዬማ አልጠራም" ብላ ሕፃኗን አቀበለችኝ።

ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ወዲያው ግን ሌላ ቅናት ያዘኝ። የዴቨን ሰዎች ቆለኛ እየተባሉ በስማቸው ኮርተው ይኖራሉ፤ ከዓለም ዳር ድረስ ሰው ሥራ ፍለጋ ይመጣባቸዋል። እኔ እዚህ ደጋ ላይ በዚያው ቃል አንገቴን ደፍቼ አረጀሁ።

የእናቴን ስም ተናገርኩ። ሴቶቹ እልል አሉ። ልጄ ጠጋ ብሎ፣ "የማን ስም ነው?" አለኝ።

"የአያትህ።"

ሕፃኗን ለእናቷ መለስኩላት።

እሷ ግን ያን ስም አንድም ቀን ከአፏ አውጥታው አታውቅም። ሕፃኗን እሙዬ ትላታለች፤ ሚጢዬ ትላታለች። ባለፈው ማኅበር ላይ ልጇ ከዴቨን ደውላ የሕፃኗን ስም ጠየቀቻት።

"አያቷን ጠይቂያት" ብላ ድምፁ እንደተከፈተ ስልኩን ሰጠችኝ።

ነገርኳት። ልጅቷ በዚያ ሁሉ ባሕር ማዶ ሆና ጥርት አድርጋ ደገመችው። "እንዴት ያምራል! እማዬ፣ እስቲ አንቺም በይው" አለች።

እናትየዋ ስልኩን ከእጄ ወሰደች። "ኔትወርኩ አያሰማም" አለችና ዘጋችው።