ጀሪካን የያዙት ተማሪዎች

ጋሽ ሣህሌ ኮተቤ ትምህርት ቤት ሠላሳ አራት ዓመት ባዮሎጂ አስተምረው ጡረታ ከወጡ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል። በእነዚህ ዓመታት ስለ ዛፍም ሆነ ስለ ጉንዳን የጠየቃቸው አንድ ሰው የለም፤ ይህ ነገር ያንገበግባቸዋል። ስለዚህ ሃይሚ የምትባል የአንድ ድርጅት ሠራተኛ ደውላ አርባ ባልደረቦቿን እንጦጦ ላይ ስለ ተፈጥሮ እንዲያስተምሩላት ስትለምናቸው ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አልነበራቸውም። የምንጭ ውሃ ስለሚመረመር ሁሉም የውሃ መቅጃ ዕቃ ይዞ ይምጣ ብለው አስጠነቀቁ።

ቀኑ በፈረንጆች አቆጣጠር ስለተላከላቸው፣ ወሩ በገባ አሥራ ስድስት፣ ኪዳነ ምሕረት መሆኑን ልብ አላሉም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ቀጠሯቸው ወደሆነው እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ሲደርሱ በሩ ላይ አርባ የሚሆኑ ሰዎች ጀሪካን ይዘው ቆመዋል። ዕቃ አምጡ ተባሉ፣ አመጡ፤ ሌላ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? ክፍል ሲገቡ እንደለመዱት ስልካቸውን አጥፍተው ተከተሉኝ አሉ። ሰዎቹም ተከተሏቸው።

ግራ መጋባቱ የጀመረው ከዚያ ወዲያ ነው። የድርጅት ሠራተኛ ነጠላ አጣፍቶ ለሥራ ይወጣል? ስለ ጽድ ሥር ሲያስረዱ ደግሞ አንዷ “አሜን” አለች። የዘንድሮ መሥሪያ ቤት ደንብ ይሆናል ብለው አለፉት። ባሕር ዛፍ ከመሬት ውስጥ ምን ያህል ውሃ እንደሚስብ ሲናገሩማ ሁሉም ከንፈሩን መጠጠ።

ሰዓት ለማየት ስልካቸውን ሲከፍቱ ወዲያው ጠራ። ሃይሚ ነበረች። እሷና ባልደረቦቿ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች መኪና ማቆሚያው ላይ ጠብቀው ጠብቀው ሲያቅታቸው እየተመለሱ መሆኑን፣ ሌላ ቀንም እንደማይታሰብ ነግራቸው ዘጋችው።

ጋሽ ሣህሌ ላብ አጠመቃቸው። እናንተ እነማን ናችሁ ብለው ጠየቁ። ለካ ጸበል ሊቀዱ የመጡ የየካ ማኅበርተኞች ናቸው፤ እሳቸውን ደብሩ የመደበው አስተማሪ አድርገው ወስደዋቸዋል።

“ታዲያ ለምን ዝም አላችሁኝ?”

“መምህር ሲናገር ይቋረጣል እንዴ?” አሉ ወይዘሮ በለጡ፣ የማኅበሩ እናት።

አፍረው ሊሄዱ ዞር ሲሉ ወይዘሮዋ ተከተሏቸው።

“ቆይ መምህር፤ ባሕር ዛፉ እንዲህ የሚጠጣ ከሆነ ጸበላችን ሊደርቅ ነው?”

አርባውም ሰው ጀሪካኑን መሬት አስቀምጦ መልሳቸውን ይጠብቃል። አምስት ዓመት ሙሉ የሚጠይቃቸው ሰው ሲናፍቁ የኖሩት ጋሽ ሣህሌ፣ ክፍል እንደገቡ ሁሉ ስልካቸውን መልሰው አጠፉ።