የበርበሬ ክዳን ሳንቲም

ይህችን ቆርቆሮ ስከፍታት እስከ ዛሬ ያስነጥሰኛል። ውስጧ ያሉት ከበርበሬ ዕቃ ክዳን የተቆረጡ ነጫጭ ክብ ፕላስቲኮች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ላይ አንዲት ሰማያዊ ወፍ አለች። ወፎቹን የሳለቻቸው ጓደኛዬ ናት። የደበቅኳቸው እኔ ነኝ።

በኮሮናው ጊዜ ነው። አስራ ሦስት ዓመታችን ነበር፤ እዚህ አሜሪካ፣ ሊንደን የሚባል ሰፈር፣ አንድ አፓርትመንት ውስጥ እንኖር ነበር። ያኔ ሳንቲም ከከተማው ጠፋ። ባንኩ «የለም» ሲላቸው፣ እትዬ የምንላቸው የሰፈራችን ባለሱቅ መልስ መስጠት አቃታቸው። አንድ ሽማግሌ ደንበኛቸው፣ «ምን ያስጨንቅሻል? ድሮ በጦርነት ጊዜ ሳንቲም ሲጠፋ፣ እዚሁ አሜሪካ ካምፓኒው ሁሉ የራሱን እየሠራ ይሰጥ ነበር» አሏቸው። በማግስቱ እትዬ የበርበሬ ዕቃ ክዳኖችን በሳንቲም ፋንታ እንዲሆኑ በመቀስ ቆራርጠው፣ ማንም አስመስሎ እንዳይሠራቸው ወፍ እንድትስልባቸው ለጓደኛዬ ሰጧት። እኔም እዚያው አጠገቧ ቆሜ ነበር። ዞር ብለው እንኳ አላዩኝም።

ከዚያማ ምን ልንገራችሁ! መልስ የተቀበለ ሁሉ ወፏን እያገላበጠ «እጇ ይባረክ» ይላል። እናቴ ሳትቀር! የገዛ እናቴ! አንጀቴ አረረ። ስለዚህ ወፎቹን ላጠፋቸው ቆረጥኩ። ሱቅ በተላክሁ ቁጥር መልሱን ቆርቆሮዬ ውስጥ እከትና ለእናቴ «ጠፋብኝ» እላለሁ። አይ ሞኝነቴ! እኔ በደበቅሁ ቁጥር እትዬ «አለቀብኝ፣ ጨምሪልኝ» ይሏታል። እጇ እየተፍታታ ሄደ፤ ወፎቹ ክንፋቸውን ዘረጉ፣ ይባስ ብለው አማሩ።

ሳንቲሙ ሲመለስ እትዬ ክዳኖቹን ከሰው ላይ ለቅመው ጣሏቸው። የጓደኛዬ ቤተሰቦችም ከከተማው ወጣ ብሎ ካናል ዊንቸስተር ቤት ገዝተው ሄዱ።

ባለፈው ሳምንት ኮል አደረገችልኝ። አርት ስኩል ልታመለክት ነው። «ከነዚያ ወፎች አንድ እንኳ ያስቀመጠ ሰው ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

«ኧረ የት ተገኝቶ!» አልኳት። ቆርቆሮዋ አልጋዬ ሥር ነበረች።

«ሰው ሁሉ ያምራል ሲለኝ፣ አንቺ ብቻ አንድ ቀን እንኳ አላልሽኝም» አለች እየሳቀች። «አንቺን ደስ እንዲልሽ ብዬ እኮ ነው ክንፍ የዘረጋሁላቸው።»

ዛሬ ጠዋት አልጋዬ ላይ ዘርግፌ አንድ በአንድ አየኋቸው። ያምራሉ። አሁን ወደ ካናል ዊንቸስተር ልሄድ ቆርቆሮዋን ታቅፌ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጫለሁ፤ ሞተር ግን ገና አላስነሳሁም።