ውሃልክ ያነጠፈው መንገድ

የእህቴን ባል ሰፈሩ ሁሉ «ውሃልክ» ይለዋል። ስሙን ከግንበኛ ማስተካከያ መሣሪያ ወስጄ ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ከአፌ ካመለጠ በኋላ ግን መልሼ ልይዘው አልቻልኩም። ፀጉር ቤቴ ሲገባ ከሰላምታው በፊት ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን መስታወት ያቃናል። ከዚያ ከደንበኛዬ ኋላ ቆሞ አንገቱን ዘንበል ያደርግና «በግራ በኩል ትንሽ ከፍ አላለም?» ይላል። ደንበኛው ይደነግጣል። እኔ መቀሴን እንደያዝኩ ዞር ብዬ «ጋሼ፣ የሰው ጭንቅላት እኮ ነው፤ ድንጋይ አይደለም» ስለው፣ «ድንጋይ ቢሆንማ ይስተካከል ነበር» ብሎኝ ቁጭ ይላል።

ሙያው ድንጋይ ማንጠፍ ነው። ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ተንበርክኮ ነው የኖረው፤ ለፈጣሪ የዚህን እሩብ የተንበረከከ ሰው ሳይጸድቅ አይቀርም። የጉልበቱ ቆዳ እንደ ጫማ ሶል ደንድኗል። ሲባጎውን ይወጥራል፣ አሸዋውን ይደለድላል፣ ድንጋዩን አንስቶ በመዳፉ እያገላበጠ የትኛው ፊቱ ወደ ላይ እንደሚሆን ይወስናል። በመዶሻው ቆርቆር አድርጎ ቦታው ላይ ካስቀመጠው በኋላ ደግሞ ይዳብሰዋል። እህቴ «ያን መዳፍ አይቼ ነው ያገባሁት፣ ለመልኩማ ማን ብሎ» ትል ነበር።

እህቴ ታላቄ ናት፤ «እትዬ» ነው የምላት። ምላሷ ከምላጬ ይሳላል። ዓይኗን ግላኮማ የሚሉት በሽታ ቀስ እያለ ወሰደባት፤ መጀመሪያ ዳር ዳሩን፣ በኋላ መሃሉን። ጭልም ሲልባት እኛ ተሰብስበን ስናለቅስ እሷ ተነስታ ሽርጧን አሰረችና ወደ ሥራዋ ሄደች። ሥራዋ ከመንገዱ ላይኛው ጫፍ ያለው ዳቦ ቤት ሊጥ ማቡካት ነው። ቤታቸው ታችኛው ጫፍ ነው፤ የኔ ፀጉር ቤት መሃል ላይ። ያንን ዳገት በየማለዳው ማንም ሳይዛት፣ በትር እንኳ ሳትጨብጥ፣ በስስ ነጠላ ጫማዋ ትወጣዋለች። አንድ ቀን ከፀጉር ቤቴ ወጥቼ ክንዷን ብይዛት መንጭቃኝ፣ «ልቀቀኝ! የቀሩኝ ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ሊጤና መንገዴ። አንዱን ከወሰድክብኝ ሌላውም ይከተላል» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ከሩቅ ነው የማያት። አካሄዷ ከብዙዎቻችን ይልቅ የቀና ነበር።

ታዲያ ባለፈው ክረምት ወደቀች። መንገዱ አያቶቻችን ሳይወለዱ የተነጠፈ ነው፤ ድንጋዩ ከመረገጥ ብዛት ለስልሷል፣ ዝናብ ሲነካው ሳሙና ነው። ዳሌዋ ጠቁሮ ሰነበተ። እሷ «አህያንም ያዳልጣታል» ብላ ሳቀችበት። ውሃልክ ግን አልሳቀም። ማታ ማታ ዳሌዋን በዘይት እያሸ ያን ድንጋይ ሲረግመው ሰምቼዋለሁ።

ስለዚህ ማዘጋጃ ቤቱ አሮጌው መንገድ ይታደሳል ሲል፣ ዋና አንጣፊ ደግሞ እሱ ሲሆን፣ ደስታው ለከት አልነበረውም። ሥራው ሊጀመር ሲል ቤታቸው ተቀምጠን እህቴ፣ «እንደነበረ ትመልስልኛለህ?» አለችው።

«ከነበረው አስበልጬ ነው የምመልስልሽ፣ እሜትዬ። ዳግመኛ አትወድቂም።»

«አትወድቂም ካልከኝማ ምን እላለሁ» አለች። እኔም ጆሮዬ እዚያው ነበር፤ «እንደነበረ» ማለቷን ግን ማናችንም ልብ አላልነውም።

ሥራውን የምትመራው መሐንዲስ ወጣት ናት፣ ጨዋ ልጅ። የሷ ሐሳብ እያንዳንዱን ድንጋይ ምልክት አድርጎ ማንሳት፣ ሥሩን መጠገን፣ ከዚያ ያረጀ ፊቱን እንደያዘ እዚያው ቦታው መመለስ ነበር። ውሃልክ እምቢ አለ። በሙያው ልማድ፣ ድንጋይ አንድ ፊቱ ሲያልቅ ይገለበጣል፤ ከሥር ያለው ፊቱ ጸሐይ አይቶ አያውቅም፣ ሸካራ ነው፣ እግር ይይዛል።

«ጋሼ፣ ያ ያለቀው ፊቱ እኮ ነው ታሪኩ» አለችው ልጅቷ፤ ፀጉር ቤቴ ደጃፍ ላይ ቆመው ነበር።

«ልጄ፣ ታሪክ አሮጊት ከጣለ ምን ታሪክ ነው? አንቺ ክረምቱን አላየሽውም፤ እኔ ሚስቴን አይቻለሁ።»

ይህን ሲል ድምፁ ተሰበረ። ልጅቷ ሁለት ሦስት ቀን አሰበችበትና ተስማማች። እውነቱን ለመናገር እኔም የደገፍኩት እሱን ነው። ማን የማይደግፈው አለ?

በጋውን ሙሉ መንገዱ ተቆፍሮ ከረመ። እህቴን በጓሮ በኩል ባለው የአፈር መንገድ እየመራሁ ዳቦ ቤት የማደርሳት እኔ ሆንኩ። እንቅልፌን እወዳለሁ፤ እሷ ደግሞ መመራት ትጠላለች። ሁለታችንም እያጉረመረምን ነበር የምንሄደው። «እንደ በግ አትጎትተኝ» ትለኛለች። «በግ እንዳንቺ አይናገርም» እላታለሁ። እንዲህ ስንባባል ቆይተን ዳቦ ቤቱ በር ስንደርስ፣ «ግድ የለም፣ መንገዴ ሲያልቅ ትገላገለኛለህ» ትላለች። በጉጉት ነበር የምትጠብቀው። የመዶሻውን ድምፅ ከቤት ሆና ታዳምጥና ሥራው የት እንደደረሰ ትነግረኝ ነበር፤ አንድ ቀንም ስታ አታውቅም።

ውሃልክም ሌት ተቀን የሚያስበው እሷን ነው። ለእሱ የመሰለው እርምጃዋን እየቆጠረች፣ ግድግዳውን በጎኗ እየሰማች የምትሄድ ነው። ስለዚህ የመንገዱን ርዝመት፣ መታጠፊያውን፣ የየቤቱን ደፍ አንድ ጣት እንኳ ሳያዛንፍ ጠበቀላት። ጎድጓዳውን ሞላ። የሚወዛወዘውን አጸና። የጋሪ ጎማ የቦረቦረውን ሁለት መስመር አጠፋ። ድንጋዮቹን በየልካቸው ለይቶ፣ ገልብጦ፣ አሸዋው ውስጥ እንዲጸኑለት ከሥር የዋለውን ያረጀ ፊታቸውን በመዶሻ እየፈለጠ ጣለው። ሲያልቅ መንገዱ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ነበር። ውሃልክ በሕይወቱ ያየው የመጀመሪያው ያልተጣመመ ነገር ይመስለኛል።

ባለሥልጣናቱ ሪባን ሊቆርጡ ከመምጣታቸው በፊት፣ ማለዳ፣ እህቴ ልትሄድበት ወጣች። ሽርጧን አስራለች። ውሃልክ በሩ ላይ ቆሟል፤ የክት ኮቱን ለብሷል። እኔም ከፀጉር ቤቴ ወርጄ ነበር።

የመጀመሪያውን እርምጃ ረገጠችና ቆመች። እግሯን ወዲያ ወዲህ አሸት አሸት አደረገችው። ሁለተኛውን ረገጠች። እንደገና ቆመች።

«እንዴት ነው?» አላት ውሃልክ፣ ፊቱ እየበራ።

«ሰላም ነው» አለች። ሰላም እንዳልሆነ ከድምፅዋ አወቅሁ።

ትንሽ ሄደች። ቀጥ ብላ መውጣት ሲገባት ወደ ቀኝ አጋደለችና የልብስ ሰፊው በር መቃን ግንባሯን መታት። እጇን ዘርግታ እንጨቱን ዳበሰችው።

«ይሄ የማን ቤት ነው?»

ልብስ ሰፊው ጎረቤቷ ነው፤ ግድግዳቸው አንድ ነው። ውሃልክ ሮጦ ክንዷን ያዛት። «እሜትዬ፣ ምን ሆነሽ ነው? የተስተካከለ እኮ ነው፤ የሚያደናቅፍሽ ነገር አንድም አላስቀረሁም!»

«እሱን ነው የምፈልገው» አለች። «ከደጃችን እንደወጣሁ ውሃ የሚያቁረው ጎድጓዳ ድንጋይ ነበር። ከዚያ ልብስ ሰፊው ጋ የሚወዛወዙት ሁለቱ። ከዚያ የጋሪው ቦይ ይቀበለኛል፤ እሱ ውስጥ እግሬን አስገብቼ እስከ ወንድሜ ፀጉር ቤት። የታሉ? የት አደረግሃቸው?»

ውሃልክ ክንዷን እንደያዘ ጎንበስ ብሎ እግሯ ሥር ያለውን ድንጋይ አየ። እኔም ያኔ ነው የገባኝ። «እግሬ ያያል» ስትለን ስንት ጊዜ ሰምተናት ስቀን አልፈናል። ሰው የሚያይ ዓይን ካለው እንዲህ ያለውን አይጠይቅም።

ክንዷን አስለቅቃ ሌላ ሁለት እርምጃ ሄደች። ከዚያ እዚያው መሃል መንገድ ላይ ቁጭ አለች። የተወለደችበት መንገድ ላይ፣ ከገዛ ደጇ ድንጋይ ውርወራ በማይሞላ ርቀት፣ ጠፍታ ቁጭ አለች። ከላይ በኩል የማዘጋጃ ቤቱ ሰዎች ወንበር እየደረደሩ ነበር።

ውሃልክ ሪባኑ ሲቆረጥ አልነበረም። በማግስቱ መሐንዲሷ ቢሮ ሄደ፤ እንዳይወድቅ ብዬ አብሬው ሄድኩ። ልጅቷ ነገሩን ሰምታ አለቀሰች። ግን መንገዱ ርክክብ ተደርጎበታል፤ ማንም እንደገና አያስነሳውም። ቢያስነሳውስ? ድንጋዮቹ ተደባልቀዋል፣ ምልክት አልተደረገባቸውም፤ ያረጀ ፊታቸውን ደግሞ እሱ ራሱ ፈልጦ ጥሎታል። ፍልጥፋዩ ተሰብስቦ የሆነ ቦታ ጉድጓድ ተሞልቶበታል። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

«አንቺ ብለሽኝ ነበር» አላት።

«ጋሼ፣ እኔም ያልኩት ለዚህ ብዬ አልነበረም» አለችው። ብትወቅሰው ይሻለው ነበር።

ሰፈርተኛው ምክር አያልቅበትም። «ትለምደዋለች» ይሉኛል ፀጉራቸውን ስቆርጥ። አንዱ እንዲያውም ወንበሬ ላይ ተመቻችቶ፣ «አይ ውሃልክ! ልትኳል ዓይኗን…» ብሎ ጀመረና ተረቱ ጉሮሮው ላይ ቀረ። ምላጩ አንገቱ ላይ ነበር፤ እጄን መለስኩ። ትለምደዋለች ይላሉ! ምኑን ትልመድ? አሮጌውን የለመደችው በልጅነቷ እየሮጠችበት፣ በዓይኗ እያየችው ነው። አዲሱ ደግሞ አንዱ ድንጋይ ከሌላው አይለይም። ባሏ ጎበዝ ነዋ!

እሷ ሞክራለች። በየማለዳው ትወጣለች፣ ጠፍታ ወይ ተጋጭታ ትመለሳለች። ዱላ አመጣሁላት፤ ያዘችው። ምላሷ ሲደክም ያየሁት ያን ቀን ነው፤ አንድም ስድብ ሳትሰድበኝ ያዘችው።

ከዚያ ውሃልክ አንድ ነገር አደረገ። ደጃቸው ላይ አንዲት ድንጋይ ነቅሎ፣ ከሌሎቹ ከፍ አድርጎ፣ አጋድሞ ተከላት። ጠማማ መስታወት አይቶ ማለፍ የማይችለው ሰውዬ በገዛ እጁ ጠማማ ድንጋይ ተከለ። እህቴ ወጥታ ረገጠቻትና ከብዙ ጊዜ በኋላ ፈገግ አለች። «ይቺ ደጄ ናት» አለች። «ቀሪውንም ቀስ እያልኩ እተክልልሻለሁ» አላት።

ሳምንት ሳይሞላ ልብስ ሰፊውን ያቺ ድንጋይ አደናቀፈችውና እጁን ተሰበረ፤ የሚሰፋበትን እጁን። ሰውየው አልከሰሰም፣ አልጮኸም፤ ሚስቱ ግን ማዘጋጃ ቤት ሄዳ አመለከተች፤ ልጆች አሏት፣ ምን ታድርግ? ማዘጋጃ ቤቱ ጉድለቱ እንዲታረም አዘዘ። እንዲያርም የተላከው ማን ሆነ? ያነጠፈው ባለሙያ።

ተንበርክኮ ድንጋዩን ሲያስተካክል ደጁ ላይ ቆሜ አየሁት። ሲባጎ እንኳ ወጠረ። እህቴ ውስጥ ሆና መዶሻውን ትሰማ ነበር፤ ድምፁ ሲያቆም ሽርጧን ፈትታ አጣጠፈችና ለኔ ሰጠችኝ። «ለዳቦ ቤቱ መልስላቸው» አለችኝ። ዳቦ ቤቱ ሌላ ሴት ቀጠረ። ባለቤቱን አልወቅሰውም፤ ሊጥ ሰው አይጠብቅም።

ውሃልክ አሁንም ማለዳ ማለዳ ነጠላ ጫማዋን እግሯ ሥር ያቀርብና «ክንዴን ያዢኝና እስከ ላይ ደርሰን እንመለስ» ይላታል። «ነገ» ትለዋለች። ክፉ ቃል ተናግራው አታውቅም፤ ያ ነው የሚገድለው። የኔን መስታወትም ማቃናት ትቷል። አንድ ቀን ሆን ብዬ አጣምሜ ሰቀልኩት፤ አይቶት ተቀመጠ።

ባለፈው እሑድ እህቴን ልጠይቃት ሄጄ ሳለሁ፣ ከደጅ ጫጫታ ሰማች።

«ምንድነው?»

«ሙሽሮች ናቸው። ፎቶ ይነሳሉ፤ መንገዱ ላይ።»

«ያምራል ማለት ነው?»

ውሃልክ ጥጉ ላይ ባለው በርጩማ ተቀምጦ ነበር። አየሁት፤ መሬት መሬቱን ያያል።

«ያምራል፣ እትዬ።»

«እስቲ ንገረኝ።»

ነገርኳት። ግራጫውና ጥቁሩ ድንጋይ እንዴት እንደተሰባጠረ፣ ጠዋት ጸሐይ ሲያርፍበት ምን እንደሚመስል፣ መስመሩ ከደጇ ተነስቶ ሽቅብ እስከ ዳቦ ቤቱ እንዴት እንደሚሄድ። አፈ ጮሌ ነኝ፣ ቃል አላጣሁበትም። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ሰማችኝና ስጨርስ፣ «ጎበዝ ነው ባሌ» አለች። ውሃልክ ብድግ ብሎ ወጣ።

«ወጣ?» አለችኝ።

«ወጥቷል።»

«ከነገርከኝ አንዱም አልታየኝም» አለች ድምፅዋን ቀንሳ። «እኔ የማውቀው አሮጌውን ነው። ማታ ተኝቼ በሐሳቤ ስሄድበት ነበር። አሁን እንጃ፣ ካንተ ፀጉር ቤት በላይ ያለው ከሐሳቤም ጠፋኝ።»