ጎማ ሲግል የሚጮኸው መሣሪያ

አትክልት በአዋሽ ሰባት ከተማ አንድ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናት። ወንድሟ በሚሌ መንገድ ላይ ከባድ መኪና ሲነዳ ጎማ ፈንድቶበት ከሞተ በኋላ፣ የከባድ መኪና ጎማ ከመጠን በላይ ሲግል ጋቢና ውስጥ የሚጮኽ መሣሪያ ለመሥራት ሦስት ዓመት ለፋች። መንግሥት ለአነስተኛ የቴክኖሎጂ ድርጅቶች የምርምር ድጋፍ እንደሚሰጥ ስትሰማ ንድፉን ይዛ ሰመራ ሄደች። ማመልከቻዋን የተቀበለው ባለሙያ፣ ፍሬምናጦስ የሚባል፣ "ጥናትሽ ገና አልበሰለም" ብሎ መለሳት።

በዓመቱ ያው ንድፍ በፍሬምናጦስ ሚስት ወንድም፣ በይገዙ ስም ለድጋፉ ውድድር የመጨረሻ ዙር ማለፉን ሰማች። አልከሰሰችም። የሰረቋት የመጀመሪያውን ንድፍ ነው፤ ያ ንድፍ የሰመራን ሙቀት እንደማይችል ታውቃለች። ጉድለቱን እሷ ካስተካከለችው ቆይታለች።

መሣሪያው ሰመራ ላይ በዳኞች ፊት የሚሞከርበት ቀን መጥታ ከፊት ተቀመጠች። በቀትሩ ፀሐይ መሣሪያው ገና መኪናው ሳይንቀሳቀስ መጮኽ ጀመረና አላቆም አለ። ይገዙ ሽቦ ቢነካካ መላው ጠፋበት።

"የሚያስተካክለው ሰው አለ?" አሉ የዳኞቹ ሰብሳቢ።

"እኔ አለሁ" ብላ ተነሣች። "መጀመሪያ ግን ፍሬምናጦስ ሥራው የማን እንደሆነ እዚሁ ሰው ፊት ይናገር።"

ዳኞቹ ሁሉ ሲዞሩበት ፍሬምናጦስ ላቡን ጠረገ። "ያንቺ ነው፣ እህቴ። ይቅር በይኝ" አለ።

"እህትህ አይደለሁም" አለችና ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። መሣሪያውን አልነካችውም።

ፍሬምናጦስ ከሥራ ተባረረ፤ የዚያ ዓመት ድጋፍም ለማንም ሳይሰጥ ቀረ። የጋራዡ ሰዎች "ብታስተካክይው ኖሮ ድጋፉ ያንቺ ነበር" ሲሏት፣ "የዚያን ቀን ፊቱን ማየቴ ይበልጥብኛል" ትላለች።