የአያ ታከለ ሰማያዊ መስመር

አያ ታከለ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ናቸው። ፊደል የቆጠሩት በስንደዶ እየጠቆሙ ነው፤ ዛሬም በስድሳ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ መስመሩን የሚይዝላቸው ነገር ከሌለ ማንበብ አይሆንላቸውም። ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ ሽንኩርት ያለማሉ። የመስኖ ማኅበራቸው የውሃ ተራን በድረ ገጽ ማውጣት ሲጀምር በስልካቸው አዲስ ስንደዶ አገኙ። ስማቸውን ተጭነው ይቆያሉ፣ ጽሑፉ ሰማያዊ ይለብሳል፣ ሰማያዊውን እስከ ቀኑ ድረስ ይጎትቱታል። በዚህ መንገድ ተራቸውን አንድም ጊዜ ስተው አያውቁም።

ድረ ገጹን የምሠራው እኔ ነኝ። ሥራ አስኪያጃችን ወንዳወቅ አንድ ቀን ጠርቶኝ፣ «ያምሮት፣ ጽሑፋችንን እየገለበጡብን ነው፤ ማንም እንዳይመርጠው አድርጊ» አለኝ። ጽሑፋችን ይላል እኮ! «ስለ እኛ» የሚለው ገጽ ራሱ ከሌላ ማኅበር የተገለበጠ ነው፤ ከሦስተኛው አንቀጽ የዚያ ማኅበር ስም እንኳ አልተሰረዘም። የሰረቀውን የሚቆልፍ ሰው ያስጠላኛል። ከሱ ይበልጥ ያስጠላኝ ግን «እሺ» ማለቴ ነው። የገጹን መልክ በሚወስነው ሲኤስኤስ ላይ አንዲት መስመር ጻፍኩ። ከዚያ ወዲያ ጽሑፉን ቢጫኑትም ቢጎትቱትም ቀለም አይዝም። የውሃ ተራውን ሰንጠረዥ ለይቼ ለመተው እንኳ አላሰብኩም።

አርብ ጠዋት አያ ታከለ ቢሮ መጡ። ያለ ቀለሙ ሲያነቡ ከራሳቸው መስመር ወደ ጎረቤታቸው መስመር ወርደው፣ የሮቡን ተራቸውን ሐሙስ ብለው ይዘውታል። ሐሙስ ቦዩ ላይ ሲደርሱ ውሃው የሌላ ሰው ነው። ተራው ያለፈው ዘጠኝ ቀን ይጠብቃል፤ በዚህ ፀሐይ ደግሞ ሽንኩርት ዘጠኝ ቀን አይቆይም።

«አያ ታከለ፣ አስተውለው አያነቡም እንዴ?» አላቸው ወንዳወቅ፣ ከስልኩ ቀና ሳይል።

«ዓይኔ ነው የከዳኝ» አሉ። ስልካቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። «እኔስ ንባቡን ትቸዋለሁ። ከእንግዲህ አንቺ እያነበብሽ ንገሪኝ፣ ልጄ።»

ወንዳወቅ አሁን ቀና አለ፤ ዝም በይ የሚል አስተያየት አየኝ።

«ዓይንዎ ደህና ነው» አልኳቸው። «ጽሑፉን የቆለፍኩብዎ እኔ ነኝ፣ እሱ አዞኝ።» ኮምፒውተሩ ላይ መስመሯን አጠፋሁና ስልካቸውን መለስኩላቸው።

ስማቸውን ተጫኑ። ሰማያዊው መጣ። ቀስ ብለው እስከ ጫፉ ጎተቱትና «ሮብ» ብለው አነበቡ። ደግመው አነበቡት። ወንዳወቅን አላዩትም፤ ያዩት እኔን ነው።

«ይኸን ዓይን ስረግመው አደርሁ» አሉኝ። ስለ ሽንኩርቱ ምንም አላነሡም።